ለመመረቂያ ጽሑፍ ዓለም አቀፍ ሕግ መምረጥ የፈራችሁ የባሕር ዳር ልጆች፣ እዚህ እንነጋገር

ጣና ዳር

ቅዳሜ ከሰዓት በሐይቁ ዳር ከዋርካው ሥር ከአንዲት የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ጋር ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። የመጣችው የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሷን ልታማክረኝ ነው። «የሕዳሴ ግድብ ሕጋዊነት በዓለም አቀፍ ሕግ» ይላል። ይህንኑ ርዕስ ቃሉን ብቻ እየቀያየሩ ያመጡልኝ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ለምን መረጥሽው ስላት «መምህር፣ ከግድቡ ሌላ እኛ ጋ ምን ዓለም አቀፍ ሕግ አለ?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ እሱንም ልትተወው እንደሆነ ነገረችኝ። ጓደኞቿ መጽሐፍ አታገኚም፣ አማካሪ አታገኚም፣ ስትመረቂም ሥራ አታገኚበትም ብለዋት ወደ ገጠር መሬት ሕግ ልትዞር ነው።

ከቦርሳዬ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አወጣሁ። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር ስለ ድንበር የተዋዋሉት ውል ነው። (ሰነዱን ስትፈልጉ እንዳትቸገሩ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ጥቁር ዓባይ፣ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ሶባት ወንዝ ነው። ውሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛና በአማርኛ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን በእርሳስ እያሰመርን አነበብን። እንግሊዝኛው የውኃውን ፍሰት ስለማስቆም በሚናገርበት ቦታ አማርኛው «መድፈን» የሚለውን ቃል ይጠቀማል። «ወንዝ ደፈነ ሲባል ምን ይታይሻል?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ጨርሶ ዘጋው» አለች። «ቀንሶ ቢያሳልፍስ?» «እሱማ መድፈን አይባልም። ጉድጓድ ተደፈነ፣ ቀዳዳ ተደፈነ ነው የሚባለው» አለችና ቡናዋን ረስታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

የኢትዮጵያ የሕግ ሰዎች «ምኒልክ የተዋዋሉት ውኃውን ላለማስቆም እንጂ ላለመጠቀም አይደለም» እያሉ ሲከራከሩ የኖሩት በዚሁ አንቀጽ ላይ ነው። ክርክሩ ያለበት ቃል ደግሞ ይህች ልጅ ከእናቷ ጓዳ የምታውቀው ቃል ነው። ለንደን ወይም ካይሮ ተቀምጦ ይህን ውል የሚያጠና ተመራማሪ «ደፈነ» ምን እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት ይገልጣል፣ ሰው ይጠይቃል። እሷ አፏን የፈታችበት ነው።

ይህ የአንድ ውል ዕድል ብቻ አይደለም። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መነጋገር «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያኖቹ የራሳቸውን ቅጂ ግዴታ አድርገው ተረጎሙት፤ መጨረሻው ዐድዋ ሆነ። ዛሬ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ሲጋጭ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ በ1969 የወጣው የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 33 ደንብ አለው። ቃላቱ በሁለቱም ቅጂ አንድ ትርጉም እንዳላቸው ይገመታል። ልዩነት ከተገኘና በሌላው የአተረጓጎም ደንብ ካልተፈታ፣ የውሉን ዓላማ እያዩ ሁለቱን ይበልጥ የሚያስታርቀው ትርጉም ይወሰዳል። ኮንቬንሽኑ ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም። ታዲያ ይህ ደንብ ለ1902ቱ ውል የሚያገለግለው በምን መንገድ ነው? በልማድ ሕግነቱ (መንግሥታት ሳይጽፉት አክብረው የያዙት ሕግ በመሆኑ)? ያኔስ እንዲህ ያለ የልማድ ሕግ ነበር? ለአንድ የኤልኤልቢ (የመጀመሪያ ዲግሪ) ጽሑፍ ይህ ብቻውን ይበቃል።

መጽሐፍ የለም ለሚለው፦ የተባበሩት መንግሥታት የስምምነቶች ስብስብ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ የድሮው የመንግሥታት ማኅበር ጥራዞችም እዚያው ተቃኝተው ተቀምጠዋል። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፍርዶች፣ የተቃውሞ ሐሳቦችና የተከራካሪዎቹ ጽሑፎች ሁሉ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ይገኛሉ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ የድምፅና ምስል ቤተ መጻሕፍት ከ2008 ጀምሮ የታላላቅ ምሁራንን ትምህርት ያለ ክፍያ ያቀርባል። አገር ውስጥ ሚዛን ሎው ሪቪው ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፤ የራሳችን ዩኒቨርሲቲም የሕግ መጽሔት አለው። ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመባቸው ወራት በፍላሽ የተገለበጠ አንድ ማህደር ለስንት ተማሪ እንደደረሰ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ያገኛችሁትን አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ ለጓደኛም አካፍሉ።

የምታስተምሩ ተማሪን እንዴት እንደምታበረታቱ፣ የምትማሩ ደግሞ ምን እንደያዛችሁ ጻፉ።

ቀበሌ 14

ያቺ ተማሪ እኔ ነኝ። መምህር፣ ቅዳሜ ማታ ዶርም ገብቼ ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። እንግሊዝኛው ከብሪታንያ መንግሥት ቀጥሎ የሱዳንን መንግሥት ስምምነትም ይጠይቃል። አማርኛው ላይ ይህን ስፈልግ አመሸሁ፤ ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ አንድ መስመር አልነበብ ብሎኛል። የተሻለ ቅጂ ካለዎት እባክዎ ይላኩልኝ።

አንድ የሚያስፈራኝን ግን ልናገር። ፕሮፖዛል ሳስገባ «አንድ ቃል ርዕስ ይሆናል ወይ?» ብለው እንዳይመልሱብኝ ነው። እኛ ጋ ርዕስ ሲሰፋ ነው ክብደት ያለው የሚመስለው።

ጣና ዳር

የጠራውን ቅጂ ነገ ጠዋት አመጣልሻለሁ። ሱዳንን የምትፈልጊበት ዓይን የተመራማሪ ዓይን ነው፤ ያገኘሽውን ሁሉ ከነመስመሩ ጻፊው። ስለ ርዕሱ፣ ፕሮፖዛሉ ላይ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጪ፣ ቀጥሎ መልሱ ቢለያይ ምን እንደሚለወጥ ጻፊ። ያንን ያነበበ ሰው ጠበበ አይልሽም።

የግሽ ዓባይ ጠበቃ

መምህር፣ አክባሪዎ ነኝ፤ ግን ልጆቹን ወደማይበላ እንጀራ እየመራናቸው እንዳይሆን እፈራለሁ። እዚህ ከተማ ጥብቅና ከቆምኩ 12 ዓመቴ ነው። ውርስ፣ መሬት፣ ብድር፣ ፍቺ ነው የሚመጣው። ዳኛ ፊት ቆሜ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጠቅሼ አላውቅም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፤ መልካም። ግን የማጽደቂያ አዋጁን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስታወጣው ብዙ ጊዜ «ስምምነቱ ጸድቋል» የሚል ሁለት ሦስት አንቀጽ ነው፤ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አብሮ አልታተመም። ዳኛው ያላነበበውን ሕግ በምን ይፍረድ? ገበሬው ደንበኛዬስ በምን ይወቀው?

መምህርት ነኝ

ወንድሜ ጠበቃ፣ ሰበር መዝገብ ቁጥር 23632ን አንብበውት ይሆን? እናት ሞታ ልጇን አክስት ስታሳድግ ቆይታ አባት «አሳዳሪነቱ ለእኔ ይገባል» ብሎ ይከራከራል። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉን እንደ ተጻፈ ይዘው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ችሎቱ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3ንና ሕገ መንግሥቱን ይዞ የሕፃን ጥቅም ይቀድማል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ጊዜው ጥቅምት 2000 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ስለነበር፣ ያ ውሳኔ እርስዎ በሚቆሙበት ችሎት ሁሉ ሲሠራ ኖሯል። በልጅ ጉዳይ «የሕፃኑ ጥቅም» ብለው በተከራከሩ ቁጥር ዓለም አቀፍ ሕግ ጠቅሰዋል።

ስለ ነጋሪት ጋዜጣው ያሉት ግን ልክ ነው። እኔም ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር ነው። እሱንም ለተማሪ መስጠት ይቻላል፦ አዋጅ ቁጥር 1024/2009 ስምምነት ስለሚደረግበትና ስለሚጸድቅበት ሥርዓት የወጣ ነው፤ ከአዋጁ በኋላ የጸደቁትን አንድ በአንድ አውጥቶ የስንቱ ሙሉ ቃል በአማርኛ እንደታተመ መቁጠር። ድካም አለው እንጂ ማንም ሰው አገር ሳይለቅ የሚሠራው ነው። እርስዎ ያነሱትን ጥያቄ በማስረጃ የሚያቆመውም እሱ ነው።

የግሽ ዓባይ ጠበቃ

መዝገቡን አውቀዋለሁ፤ በዚህ ዓይን ግን አይቼው አላውቅም። የነጋሪት ጋዜጣውን ቆጠራ የሚሠራ ተማሪ ካለ ቢሮዬ ያሉትን ጥራዞች እከፍትለታለሁ። ኮምፒውተርም አለ።

ጨረጨራ

እኔ የውኃ መሐንዲስ ነኝ፣ ሕግ አልተማርኩም። «መድፈን» የምትለዋን ነገር ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ሁለት በር ኖሮት ተሠራ፣ በ2001 አምስት ተጨመሩ፤ አሁን ሰባት ናቸው። ሥራው የሐይቁን ወለል ከባሕር ወለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል እየጠበቀ ውኃ መልቀቅ ነው። ክረምት የሚመጣውን ይዞ በጋ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ በበጋ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ ድሮ ከነበረው ይበልጣል፣ በክረምት ያንሳል። ከታች በ1964 የተሠራው ጢስ ዓባይ አንድና በ2001 የተጨመረው ጢስ ዓባይ ሁለት የሚባሉት የኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ለዚሁ ውኃ ነው። ፏፏቴው ለምን እንደሳሳ ቱሪስት ሲጠይቅ መልሱ ይኸው ነው፤ ውኃው በተርባይኑ በኩል ዞሮ ይመለሳል። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ አለ፤ 460 ሜጋ ዋት ነው፣ የሐይቁን ውኃ በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይሰዳል። በለስም ዓባይ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰባት በር ያለው፣ አንዱ ሲከፈት ሌላው የሚዘጋ ነገር በ1902 አነጋገር ደፈነ ይባላል ወይ? በለስስ በኩል ዞሮ የሚመለሰው? እዚህ ሙያ ላይ በቆየሁበት ዘመን ይህን ብሎ የጠየቀኝ የሕግ ተማሪ የለም፤ ግድቡን በጋዜጣ አንብበው ነው የሚጽፉት።

ቀበሌ 14

ጋሼ፣ እኔ እጠይቅዎታለሁ! በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ይቻላል?

የዓባይ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ የቃል ስንጠቃ ለማን ይጠቅማል? ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይይዛል። ተማሪ ከጻፈ አገሩን የሚጠቅም ይጻፍ። የግብፅ ምሁራን አገራቸውን ወግነው ይጽፋሉ፣ የእኛ ልጆች ሚዛናዊ እንሁን እያሉ ለነሱ ስንቅ ያቀብላሉ።

ጣና ዳር

ወንድሜ፣ ስሜትህን እጋራለሁ። ተማሪዎቼም ይህን አገር እንዲጠቅሙ ነው የምደክመው። ግን አገርን የሚጠቅም ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ እንነጋገር።

አብዛኛው ተማሪ «የ1929ኙና የ1959ኙ የቅኝ ግዛት ውሎች ኢትዮጵያን አያስገድዱም» ብሎ አንድ ገጽ ይጽፋል፣ ይጨርሳል። እውነት ነው፤ የ1959ኙ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ሲያካፍል ኢትዮጵያ አልነበረችበትም፤ ስምምነት ያልተስማማበትን መንግሥት እንደማያስገድድ የቪየናው ኮንቬንሽን አንቀጽ 34 ይናገራል። ልብ በል ግን፣ የ1959ኙን የተፈራረሙት ሁለት ነፃ መንግሥታት ናቸው። «የቅኝ ግዛት ውል» ብሎ የጻፈ ተማሪ በመጀመሪያው ገጽ በተከራካሪው ዘንድ ታማኝነቱን አጣ። ትክክለኛው መልስ አንቀጽ 34 ነበር፣ እሱ ስድብ መረጠ።

በ1997 የዓለም አቀፍ የውኃ መስመሮች ኮንቬንሽን ሲጸድቅ 103 አገሮች ደገፉ፣ ቱርክ፣ ቻይናና ቡሩንዲ ተቃወሙ፣ ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ለምን? ሁለቱ በተቃራኒ ምክንያት አንድ ቦታ ቆሙ። ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ይቅደም ወይስ ጉልህ ጉዳት ያለማድረስ የሚለው ፀብ እዚያ ነው ያለው። የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በ2010 ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ተከፍቶ በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ ሲውል ግብፅና ሱዳን አልገቡበትም፤ ምክንያታቸው ስለ ውኃ ዋስትና የሚናገረው አንቀጽ 14(ለ) ላይ ነው። ይህን ሁሉ በእነሱ አነጋገር፣ እነሱ ራሳቸው ቢያነቡት «አዎ ይህ ነው ክርክራችን» በሚሉት መጠን መጻፍ የቻለ ልጅ ነው ነገ ድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚጠቅመን። የማያውቁትን ክርክር ማን መልሶ ያውቃል?

የዓባይ ልጅ

የ1959ኙን ነገር እኔም ቅኝ ግዛት እያልኩ ስጽፍ ነበር። አርማለሁ። በቀረው ላይ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፤ የአንቀጽ 14(ለ)ን ግን አነባለሁ።

መምህርት ነኝ

መምህር ስለ ማበረታታት ስለጠየቁ የራሴን ልናገር።

የመመረቂያ ጽሑፌን በሠራሁበት ዘመን አማካሪዬ ረቂቄን ሦስት ወር አስቀምጠው ሲመልሱልኝ ከመጨረሻው ገጽ ፊርማ በቀር አንድም ምልክት አልነበረበትም። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ፤ እርሳስ ያረፈበት ቦታ የለም። በ71 ገጽ ውስጥ አንድ ስህተት አጥተው አይደለም፣ አላነበቡትም። ተመርቄ ደስ ያላለኝ ለዚያ ነው። እኔ ጋ የሚመጣ ረቂቅ ቢያንስ የመጀመሪያው ምዕራፍ በቀለም ሳይሞላ አይመለስም። ተማሪ የሚበረታታው ሰው ጽሑፉን አንብቦ ሲጣላው ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከሰባት ስምንት ተማሪ ጋር ተቀምጠን አንድ ፍርድ እናነባለን፤ ስለ ፍርዱ የተጻፈውን አይደለም፣ ፍርዱን ራሱን። የጀመርነው በራሳችን ጉዳይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በኅዳር 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሁለቱም የመንግሥታት ማኅበር አባል ስለነበሩ ነው። በ1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ7 «ጉዳዩን አያለሁ» አለ። በሐምሌ 1966 ድምፁ 7 ለ7 እኩል ወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ ሰር ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ወደ አንድ ወገን አደረጉት፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ መብት የላቸውም ተብለው ተመለሱ። ይህን ያነበብን ቀን አንድ ልጅ «እና ስድስት ዓመት ሙሉ?» ብሎ ተነሥቶ ቆመ። አልረሳውም።

ከዚያ በሚቀጥለው ሐሙስ የጋምቢያን አመጣሁላቸው። ጋምቢያ በ2019 በሮሂንግያዎች ጉዳይ ማይንማርን ስትከስ የተጎዳው ሕዝብ የእሷ አልነበረም። በሐምሌ 2022 ፍርድ ቤቱ የዘር ማጥፋት ኮንቬንሽን አባል የሆነ ማንኛውም አገር መክሰስ ይችላል አለ። በመካከል በ1970 ለመላው ዓለም ስለሚገባ ግዴታ የተናገረበት የባርሴሎና ትራክሽን ፍርድ አለ። አዲስ አበባና ሞንሮቪያ ተነሥተው የተሸነፉበት ጥያቄ ከ56 ዓመት በኋላ ባንጁል ስትጠይቅ ተመለሰ። የቆመው ልጅ አሁን የሚጽፈው በዚሁ ላይ ነው። ርዕሱን እኔ አልሰጠሁትም።

የዘጌ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ዘጌ ነው ያደግሁት። ጣና በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ አብረው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ አካባቢ) ሆኗል ይባላል። እሱ ውል ነው? ማነው የሚያስገድደው? አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እንቦጭ መረቡን ሞልቶ ሲመለስ «ዩኔስኮ ያውቃል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ።

መምህርት ነኝ

የኔ ልጅ፣ አባትህ የጠየቁት ከባድ የሕግ ጥያቄ ነው። የባዮስፌር ሪዘርቮች መረብ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 በወጣ የዩኔስኮ መተዳደሪያ ነው የሚሠራው፤ እሱ ውል አይደለም፣ አያስገድድም፤ በየአሥር ዓመቱ ግን አገሩ ስለ ሁኔታው እንዲገመግምና ሪፖርት እንዲያደርግ ይጠብቃል። አስገዳጁን ከፈለግህ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የብዝኃ ሕይወት ኮንቬንሽን አለ። አንቀጽ 8 ላይ ሥነ ምህዳርን የሚያሰጉ መጤ ዝርያዎችን ስለ መከላከልና ስለ ማጥፋት ይናገራል። እዚያ አንቀጽ ውስጥ ግን «በተቻለ መጠን» የምትል ሐረግ አለች። እሷን ይዘህ ተቀመጥ። ምን ያህል ነው የሚቻለው? የተቻለው አልተደረገም የሚለውንስ ማን ይላል? ሐሙስ ና፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ ብለህ አትፍራ።

የዘጌ ልጅ

እመጣለሁ መምህርት። ከዘጌ ጀልባ የምትነሣው ጠዋት ስለሆነ እደርሳለሁ።

የግሽ ዓባይ ጠበቃ

ስለ ሙት ኮርትም (ተማሪዎች በምስለ ችሎት ስለሚከራከሩበት ውድድር) አንድ ሰው ይጻፍ እንጂ። እኔ ተማሪ ሳለሁ የመላው አፍሪካ የሰብአዊ መብት ውድድር ላይ የሚሄዱትን ልጆች ከሩቅ ሆኜ ነበር የማያቸው።

ጣና ዳር

ልክ ነው። ጄሰፕም አለ፣ ከ1960 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። ቡድኑ ባይሄድ እንኳ የዓመቱን ጥያቄ አውርዶ በሁለቱም ወገን ጽሑፍ ማዘጋጀት ራሱ ትምህርት ነው፤ ጠዋት ለከሳሽ የተከራከረ ከሰዓት ለተከሳሽ ይቆማል። ለተመረቃችሁት ደግሞ አዲስ አበባ በኢሲኤ (በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) የሚሰጠው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የዓለም አቀፍ ሕግ ሥልጠና አለ፤ የሄግ አካዳሚ የክረምት ትምህርትም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ድጋፍ ይሰጣል። ለእነዚህ ስታመለክቱ በራሳችሁ የተሠራ አንድ ጽሑፍ በእጃችሁ ይኑር።

ቀበሌ 14

መምህር፣ ቅጂው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ርዕሱን ቀይሬዋለሁ፦ «በ1902ቱ ውል አንቀጽ 3 ‘መድፈን’ የሚለው ቃል ትርጉም፤ ከጨረጨራ መቆጣጠሪያ አንጻር»። የመሬት ሕጉን ትቼዋለሁ። እናቴን ደውዬ ደፈነ ማለት ምንድነው ስላት ጎረቤት ጠርታ ሁለቱ ተከራከሩበት፤ ጎረቤታችን «ቦይ ሲዞርም ተደፈነ ይባላል» ብላለች። ስለዚህ ያሰብኩት ያህል ቀላል አይደለም። ይህንንም እጽፈዋለሁ መሰለኝ?

ጣና ዳር

ትጽፊዋለሽ። ክርክርሽን የሚጎዳውን ነው አስቀድመሽ የምትጽፊው። የዘመኑን መዝገበ ቃላትና ምኒልክ ከሌሎች ጋር የጻፏቸውን ደብዳቤዎችም እይ፤ ቃሉ ያኔ የት የት እንደገባ ሳታውቂ የዛሬውን ጆሮ ብቻ አትመኚ።

ጨረጨራ

ልጄ፣ አስፈቅጄልሻለሁ። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት በር ይንቀሳቀሳል። ለጓደኞችሽም ንገሪ፣ እስከ አምስት ሰው ይቻላል። ማስታወሻ ደብተር ያዢ፤ ስልክ በውኃው ድምፅ ምክንያት ጥሩ አይቀዳም።